ሁሉንም ፈተና ያለፈው አረንጓዴ ድንጋይ፦ ከድሬዳዋ አንድ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2008 የደላንታ ኦፓል ገበያውን አናወጠው። በ2016 ገደማ ደግሞ የሻኪሶ ኤመራልድ፣ አረንጓዴው የከበረ ድንጋይ፣ ስሙ መሰማት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ግማሹ ድንጋይ ለቃሚ፣ ግማሹ ድንጋይ ደላላ ሆኗል። ድሬም አልቀረላትም። የንግድ መተላለፊያ ከተማ ናት፣ ዕቃ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ወሬም ያልፍበታል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቁጭ በልና ኪሱ ውስጥ ድንጋይ የያዘ ሰው ታጣለህ ወይ? አታጣም።

እኔ የሲሚንቶ ኬሚስት ነኝ። የድንጋይ ዋጋ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ግን ድሬዳዋ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሲሚንቶ ከተማ ናት፣ የሲሚንቶ ላብ ደግሞ ያለ ኤክስሬይ አይሠራም። አንዱ ማሽን ኤክስ አር ኤፍ ይባላል፣ በዱቄቱ ውስጥ ምን ምን ኤለመንት እንዳለ ይናገራል። ሌላው ኤክስ አር ዲ ነው፣ ኤለመንቶቹ በምን ዓይነት ክሪስታል እንደተደረደሩ ይናገራል። የሁለቱ ልዩነት ገብቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሰው ገንዘቡ አይበላበትም ነበር።

ገዢው ታይዋን ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ስማቸው ይቅር፣ ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው። አንድ ደላላ ግማሽ ማዳበሪያ አረንጓዴ ድንጋይ ይዞላቸው መጣ። ከሻኪሶ የወጣ ጥሬ ኤመራልድ ነው፣ አዲስ አበባ ልውሰደው ብል መንገድ ላይ ይይዙብኛል፣ ለዚያ ነው በዚህ ዋጋ የምሰጥዎት አላቸው። ዋጋው አንድ ደህና ባጃጅ የሚገዛ ብር ነበር። ኤመራልድ ከሆነ በነጻ ማለት ነው። ካልሆነ ግን ባጃጁ ሄደ።

ጋሼ ሞኝ አይደሉም። ይህን አጥብቄ የምለው "እንዴት ይታለላሉ" የሚል አስተያየት ቀድሞ እንዳይመጣ ነው። ሳያስመረምሩ አልገዙም። እንዲያውም አራት ፈተና አስፈትነዋል፣ ድንጋዩም አራቱንም አልፏል። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጭረት ነው። ድንጋዩ መስታወት ላይ ሲሳብ መስታወቱን ጫረው። ሐሰተኛ ኤመራልድ ብዙ ጊዜ የተቀባ ወይም ቀለም የገባበት ብርጭቆ ስለሆነ ይህ ብርጭቆን ያስወጣል። ግን ኤመራልድ በጥንካሬ መለኪያው ከ7.5 እስከ 8 ሲሆን በአሸዋ ውስጥ የሞላው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ደግሞ 7 ነው፣ መስታወት 5.5 አካባቢ። ሁለቱም መስታወት ይጭራሉ።

ሁለተኛው የቼልሲ ፊልተር ነው። ድንጋይ የሚነግዱ ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ የሚይዟት ትንሽ ባለ ቀለም መስታወት ናት። ብዙ ኤመራልድ በእሷ ሲታይ ቀላ ይላል፣ አረንጓዴ ብርጭቆ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የጋሼ ድንጋይ ቀላ አለ። ደላላው እዚህ ላይ "አዩት አይደል፣ አቦ!" ብሎ ጭኑን መታ ይባላል። ፊልተሩ በእርግጥ የሚያየው ኤመራልድን ሳይሆን ክሮሚየም የሰጠውን አረንጓዴ ነው። ክሮሚየም ያለበት ሌላ ድንጋይም ሊቀላ ይችላል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። አንድ ወርቅ ቤት በሚዛን አየር ላይ መዘኑት፣ ከዚያ በክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ መዘኑት፣ የአየሩን ክብደት ለሁለቱ ልዩነት አካፈሉት። 2.7 ሆነ። የኤመራልድ ጥግግት 2.7 እና ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ አለፈ።

አራተኛው ወረቀት ያስገኘው ነው። ወርቅ የሚመረምሩበት በእጅ የሚያዝ፣ ሽጉጥ የመሰለ ኤክስ አር ኤፍ አለ። ቦታውን አልጠቅስም። ድንጋዩ ላይ ደገኑት፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝርዝር ወጣ፦ ሲሊከን፣ አሉሚኒየም፣ ፖታሲየም፣ ብረት፣ ትንሽ ክሮሚየም። ከታች ደግሞ "ኤል ኢ" የሚል መስመር አለ፣ ከሁሉም ትልቁ ቁጥር እሱ ጋ ነው፣ ግማሽ ገደማ።

ደላላው ኤመራልድ በውስጡ ቤሪሊየም እንዳለው ያውቃል። እና "ኤል ኢ"ን ቤሪሊየም ነው ብሎ ተረጎመላቸው። ይህ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። ጋሼ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብጠው ወደ እኔ ሲያመጡት ያንን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበት ነበር።

"ኤል ኢ" ማለት ማሽኑ ማየት የማይችላቸው ቀላል ኤለመንቶች ድምር ነው። በእጅ የሚያዙት ማሽኖች በአብዛኛው ከማግኒዥየም በታች ያለውን አያዩም። ኦክስጅን፣ ሶዲየም፣ ካርቦን፣ ቦሮን፣ ቤሪሊየም፣ ሁሉም እዚያ ይጣላሉ። ድንጋይ ደግሞ በክብደት ግማሽ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ንጹሕ ኳርትዝ 53 ከመቶው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ከወንዝ የተነሳ ጠጠርም ብትደግንበት "ኤል ኢ" ግማሽ ገደማ ይላል። በእውነተኛ ኤመራልድ ውስጥ ያለው ቤሪሊየም 5 ከመቶ ብቻ ነው። ግማሹ ቤሪሊየም የሆነ ኤመራልድ የትም የለም።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። የእነዚህ ማሽኖች ዲቴክተር መስኮት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከቤሪሊየም ነው። ቤሪሊየም በጣም ቀላል ስለሆነ ኤክስሬይ ያልፍበታል፣ ለመስኮትነት የተመረጠውም ለዚያ ነው። ራሱ ቤሪሊየም የሚያወጣው ኤክስሬይ ግን በጣም ደካማ ከመሆኑ የተነሳ አየሩ ይውጠዋል፣ መስኮቱ ጋ አይደርስም። ማሽኑ ቤሪሊየምን አያይም፣ በቤሪሊየም በኩል ግን ያያል።

ጋሼ ወደ እኔ የመጡት ጥርጣሬ ይዟቸው አልነበረም። ማኅተም ፈልገው ነው። "አንተ ኬሚስት አይደለህም እንዴ? እስቲ በትልቁ ማሽን አድርጋትና ወረቀት ስጠኝ" አሉኝ። አለቃዬ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ ፈቀደ።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ገና ሳየው ፖታሲየሙ ከነከነኝ። ኤመራልድ ቤሪል የሚባል ማዕድን ነው፤ ቤሪሊየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን። ፖታሲየም እዚያ ውስጥ ቁም ነገር ያለው ቦታ የለውም። ቅንጣት ሊገኝ ይችላል፣ በዚህ ልክ ግን አይገኝም። እንግዲህ ወረቀቱ አልዋሸም ማለት ነው፣ የሚያነብለት ሰው ነው ያጣው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር የመፍጨት ጉዳይ ነው። ኤክስ አር ዲ በተለምዶ ዱቄት ይፈልጋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤክስሬይ በአተሞች ረድፍ ላይ ሲያርፍ በሁሉም አቅጣጫ አይጎላም፣ በተወሰኑ አንግሎች ላይ ብቻ ተደጋግፎ ይወጣል። አንግሉን የሚወስነው በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ በ1912 (እ.ኤ.አ.) አሳዩት፣ ወዲያው ደግሞ ብራግ አባትና ልጅ ቀመሩን አወጡለትና በ1915 ኖቤል ተሸለሙ፤ ልጁ ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። ዱቄት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች በሁሉም አቅጣጫ ተኝተዋል። ስለዚህ የማዕድኑ ረድፎች ሁሉ የመታየት ዕድል ያገኛሉ፣ ሙሉ ፊርማው ይወጣል። አንድ ሙሉ ክሪስታል ብታስቀምጥ ግን በአጋጣሚ ወደ ላይ የዞረው ረድፍ ብቻ ነው የሚታየው።

"ኤመራልድ ይፈጫል እንዴ?" አሉ ጋሼ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

አልፈረድኩባቸውም። ተስማማን፤ ከማዳበሪያው ውስጥ ከላይም ከታችም ከመሃልም አስቀያሚ አስቀያሚዎቹን መረጥን፣ ከእያንዳንዱ ጥግ ትንሽ ትንሽ ሰበርን። ከአንድ ድንጋይ ብቻ መውሰድ ዋጋ የለውም፣ ጥያቄው ስለ ማዳበሪያው ነውና። ለአንድ ናሙና አንድ ግራም ገደማ ይበቃል። አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ሙቀጫ አልኮል ጠብ አድርጌ ፈጨሁት። ሙቀጫው ውስጥ የሆነ ነገር እየተንሸራተተ አልደቅ አለኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ነገር። ኳርትዝ እንዲህ አያደርግም፣ ቤሪልም አያደርግም። ሚካ የሚባለው ማዕድን ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት አንድ ነገር ቀየርኩ። የሲሚንቶ ፕሮግራማችን መለካት የሚጀምረው ከ10 ዲግሪ ነው፣ ክሊንከር (ከምድጃ የወጣው ገና ያልተፈጨ ሲሚንቶ) ውስጥ ከዚያ በታች የሚፈለግ ነገር ስለሌለ። ሚካ ግን ዋናውን ጫፉን፣ ማለትም ኤክስሬዩ ተደጋግፎ ሲወጣ ግራፉ ላይ የሚታየውን ሹል፣ የሚያወጣው 8.8 ላይ ነው። ፕሮግራሙን ሳይነኩ መለካት ማለት ተጠርጣሪውን በር ላይ እያሳለፉ ቤት ውስጥ መፈለግ ነው። ከ5 እስከ 70 ዲግሪ አደረግኩት፣ ጨረሩ የተለመደው የመዳብ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 1.54 አንግስትሮም (አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)።

ውጤቱ ሲወጣ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። መጀመሪያ 8.8 ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ጫፍ። ከዚያ 17.7 ላይ ሌላ። ከዚያ 20.9 ላይ፣ ከዚያ 26.6 ላይ ወረቀቱን የሚበሳ ጫፍ። 50.1 ላይም አለ፣ 68 አካባቢ ደግሞ አምስት ጣት የሚባሉት ተጠጋግተው የቆሙ ትንንሽ ጫፎች።

20.9፣ 26.6፣ 50.1 እና አምስቱ ጣቶች ኳርትዝ ናቸው። ይህን የትኛውም የሲሚንቶ ሰው እንቅልፉን ሳይጨርስ ያውቀዋል፣ በየቀኑ አሸዋና ሸክላ ውስጥ እናየዋለን። 8.8 እና 17.7 ሚካ ናቸው። የሚካ ሦስተኛ ጫፍ ከኳርትዙ 26.6 ጋር ተደርቦ ስለሚወድቅ እዚያ ላይ ማንን እንደምታይ አታውቅም፤ ለዚህ ነው የታችኛው 8.8 ያስፈለገው። ሚካ ቅጠል ስለሆነ ዱቄቱም ውስጥ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል፣ እነዚህ ጫፎቹ ከልኩ በላይ ይረዝማሉ። ስለዚህ የጫፉን ቁመት አይተህ "ግማሹ ሚካ ነው" ብትል ትሳሳታለህ።

የቤሪል ጫፎች የት ናቸው? 11.1 ላይ አንድ፣ 27.4 ላይ አንድ፣ 31.2 ላይ አንድ መኖር ነበረባቸው። 11.1 ላይ ምንም የለም፣ ጠፍጣፋ ነው። በሦስቱም ናሙና እንደዚያው።

ጋሼ ግን ቀላል ሰው አይደሉም አልኩ አይደል? ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። ኤመራልድ ሚካ ውስጥ ነው የሚበቅለው ብለውኛል፣ ታዲያ ሚካ መገኘቱ ጥሩ ምልክት አይሆንም ወይ አሉ። ትክክል ናቸው፣ የሻኪሶ ኤመራልድ የሚወጣው ከሚካ ድንጋይ ውስጥ ነው። ነገር ግን የዚያኛው ሚካ ጠቆር ያለው፣ ባዮታይትና ፍሎጎፓይት የሚባለው ነው። ጥቁሩ ሚካም 8.8 ላይ ይወጣል፣ 17.7 ላይ ግን ይደክማል። የእኛው 17.7 ላይ ጠንካራ ነበር፣ በተጨማሪም 61.8 ላይ የነጩ ሚካ፣ የሙስኮቫይት ምልክት ነበረው። ሙስኮቫይት በራሱ ነጭ ነው፤ ከአሉሚኒየሙ ላይ ጥቂቱን ክሮሚየም ሲተካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያኔ ፉክሳይት ይባላል። ኳርትዝ ፉክሳይት ሲበተንበት የሚወጣው አረንጓዴ ድንጋይ ደግሞ በዶቃ ሻጮች ዘንድ አረንጓዴ አቬንቹሪን ተብሎ ይታወቃል። ቆንጆ ድንጋይ ነው፣ ርካሽ ነው።

ከዚያ ዱቄቱን ጠፍጥፌ በትልቁ ኤክስ አር ኤፍ አየሁት። ሲሊካ (የሲሊከን ኦክሳይድ) 86 ከመቶ ገደማ፣ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ከ10 ትንሽ ያነሰ፣ የፖታሲየም ኦክሳይድ 3 አካባቢ፣ የቀረው ጥቃቅን። ንጹሕ ሙስኮቫይት ከ11 እስከ 12 ከመቶ የፖታሲየም ኦክሳይድ አለው፤ 3 ከተገኘ ሩብ ያህሉ ሚካ፣ ሦስት አራተኛው ኳርትዝ ማለት ነው። አሉሚናውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ቤሪል ቢሆን ሲሊካው 67፣ አሉሚናው 19 ነበር መሆን ያለበት። የእኛው ዘጠኝ ለአንድ ነው፣ የቤሪል ሦስት ተኩል ለአንድ። ይህን ስሌት በዚያ በፕላስቲክ በተለበጠው ወረቀት ላይም መሥራት ይቻል ነበር።

አሁን ወደ አራቱ ፈተናዎች ተመልሰህ እያቸው። ኳርትዙ መስታወቱን ጫረ። የፉክሳይቱ ክሮሚየም ድንጋዩን በፊልተሩ አቀላው። ጥግግቱ? ኳርትዝ 2.65፣ ሚካው ከ2.8 ከፍ ዝቅ፣ ሲደባለቁ 2.7 ላይ ቁጭ አሉ፣ ልክ በኤመራልዱ ወንበር ላይ። ሽጉጡም ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ክሮሚየም አለ አለ፣ አለም። አንዱም ፈተና አልዋሸም። አንድ ዓይነት ብሎኬት ቤትም ይሠራል አጥርም ይሠራል፤ ብሎኬት ቆጥረህ የትኛው እንደቆመ አታውቅም። ያንን የሚለየው አደራደሩን የሚያይ ማሽን ነው። (በዘርፉ የሠለጠነ ጄሞሎጂስት፣ የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ፣ ቢኖር በማጉያ ሌንስ ብቻ የሚካውን ቅጠሎች አይቶ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ድንጋዩ ቢሞረድ የብርሃን ስብራት መለኪያም ይበቃ ነበር፣ ኳርትዝ 1.55፣ ቤሪል 1.57 እና ከዚያ በላይ። እኛ ጋ ያለው ኤክስሬይ ነው፣ ባለን ሠራን።)

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ድንጋይ አወጡ። "ይቺስ?"

ይቺ ሌላ ናት። ስድስት ጎን ያላት፣ እንደ እርሳስ የተስተካከለች፣ ፈዛዛ አረንጓዴ። ደላላው መጀመሪያ ያሳያቸው እሷን ነበር፣ "ማዳበሪያው ሙሉ የዚች እናትና አባት ነው" ብሎ። እንድትፈጭ አልፈቀዱም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ የክሪስታል ባሕርይ ጠቀመን። ጎኗ ጠፍጣፋ ስለሆነ በፕላስቲሊን (ልጆች በሚጫወቱበት ለስላሳ ሊጥ) ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኳትና እንዳለች ለካኋት። ሦስት ጫፍ ብቻ ወጣ፦ 11.1፣ 22.3፣ 33.7። ሌላ ምንም የለም። እነዚህ የአንድ ረድፍ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ድግግሞሾች ናቸው፣ ርቀቱ 8 አንግስትሮም ገደማ፣ ከቤሪል ጎን ጋር ይገጥማል። ጋሼ ፈገግ ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ቆይ አልኩ። አፓታይት የሚባል ማዕድንም ስድስት ጎን አለው፣ አረንጓዴም ይሆናል፣ የመጀመሪያ ጫፉም 10.9 ላይ ነው። ድንጋዩ ከፍታው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 0.2 ዲግሪ ይጠፋል፣ በፕላስቲሊን ላይ ያለ ድንጋይ ደግሞ ይዛነፋል። ቱርማሊን ከዚህም ይብሳል፣ የጎኑ ርቀት ከቤሪል ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኤክስ አር ዲ ብቻውን እዚህ አያዋጣም።

ስለዚህ ያ ስንሰድበው የቆየነው ኤክስ አር ኤፍ ተመልሶ አስፈለገ። አፓታይት ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው፣ እሷ ውስጥ የሉም። አረንጓዴ ቱርማሊን አሉሚናው ከሲሊካው ጋር እኩል ይሄዳል፣ የእሷ ሲሊካ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቤሪል ናት። ክሮሚየምም ቫናዲየምም ግን አላሳየም፣ አረንጓዴውን የሰጣት ብረት ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለው በጌጥ ንግድ አረንጓዴ ቤሪል ይባላል እንጂ ኤመራልድ አይባልም። ማጥመጃዋ ራሷ ኤመራልድ አልነበረችም ማለት ነው።

የደላላው ስልክ አይሠራም፣ ይህን መገመት አያቅትም። ጋሼ ማዳበሪያውን ምን እንዳደረጉት ስጠይቃቸው ሐረር ዶቃ የሚሠራ ሰው በኪሎ ሊወስድላቸው እንደተነጋገሩ ነገሩኝ፣ ባጃጁን ባይመልስም።

የሪፖርቱ ነገር ግን አከራከረን። እኔ ሁለቱንም ውጤት በአንድ ገጽ ጻፍኩት፤ ከማዳበሪያው የተወሰዱት ናሙናዎች ኳርትዝና ሙስኮቫይት፣ ለብቻዋ የመጣችው አንዲት ክሪስታል ቤሪል፣ ውጤቱ የሚመለከተው የተመረመሩትን ብቻ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

"የክሪስታሏን ለብቻዋ በሌላ ወረቀት ብትጽፍልኝስ?"

"ለምን ፈለጉት ጋሼ?"

"እንዲያው... ለራሴ።"

አይሆንም አልኳቸው። ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። በማግስቱ ግን አንዱን ገጽ መጥተው ወሰዱት።